ቨርን ሆልኪስትና አዲሱ ጥርሱ

ስለ ቨርን ሆልኪስት በሸለቆአችን ከሚወራው ግማሹን ያወራው ራሱ ቨርን ነው። ሌላውን ግማሽ የሚያወሩት ከእሱ የሰሙ ሰዎች ናቸው። እኔ የሚስቱ የጆሊን ታላቅ እህት ነኝ፤ ሉዌላ እባላለሁ። በየመስከረሙ በአደን ሰፈራችን ባቄላ የምቀቅልለት፣ እርጥብ ካልሲውን ከምድጃው ጭስ ማውጫ ላይ የማነሳለት እኔ ነኝ። ስለዚህ ከእሱ አፍ ያልወጣ ነገር ስለ እሱ የማውቀው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ቨርን የተወለደው ከከተማችን የመጋዝ ፋብሪካ ጀርባ ነው። አባቱ ግንድ ሲሰነጥቅ ኖሮ ግንድ ሲሰነጥቅ የሞተ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ዝምታው ለልጁ አልተረፈም። ቨርን በዚያው ፋብሪካ ተቀጠረ፣ ተባረረ፣ እንደገና ተቀጠረ። ፋብሪካው ሲዘጋ በበረዶው ወራት የአውራጃውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና መንዳት ጀመረ። በቀሩት ወራት ምን ይሠራል ብትሉ፣ መስከረምን ይጠብቃል። የቤታቸው ጣሪያ ሲያፈስ ጆሊን ባልዲ ታስቀምጣለች፤ እሱ ከባልዲው አጠገብ ተቀምጦ ኤልክ የምንለውን የተራራችንን ትልቅ አጋዘን፣ የኮርማውን ድምፅ ይለማመዳል። መኪና ውስጥ ይለማመዳል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ፣ ግድግዳው ድምፁን ስለሚመልስለት መሰለኝ፣ አብዝቶ ይለማመዳል። የእናታችንን ሬሳ ወደ መቃብር ስንወስድ ከኮረብታው ላይ አንድ ኤልክ ጮኸ። የሳጥኑን አንድ ጎን የተሸከመው ቨርን ቀና ብሎ መለሰለት። ፓስተሩ ጸሎታቸውን አቋረጡ፤ ጆሊን መሬት መሬቱን አየች። እኔ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፤ ወደፊትም የምለው አይመስለኝም።

መስከረም ሲገባ በተራራችን ላይ ያለው ኤልክ ራሱን ይስታል። ዓመቱን ሙሉ ጥላውን የሚሸሽ ትልቅ አጋዘን፣ የስሪያው ወራት ሲደርስ አንገቱ ያብጣል፣ በገዛ ሽንቱ በቦካ ጭቃ ውስጥ ይንከባለላል፣ እየጮኸ ላሞቹን ይሰበስባል። ጩኸቱ ከሆዱ በጉርምርምታ ይነሳና ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ይሆናል። አዳኙ ይህን ያስመስላል። ላንቃው ላይ ቀጭን የላስቲክ ቁራጭ ይለጥፍና በምላሱ ተጭኖ በረጅም ቱቦ ይነፋል፤ አንዴ ተፎካካሪ ኮርማ፣ አንዴ ኮርማ ያማራት ላም ይሆናል። ልጆች ያሳደገና ግብር የሚከፍል ሰው ቁጥቋጦ ውስጥ ተንበርክኮ ኮርማ ያማራት ላም ሲሆን አይቼ እንዳልስቅ ብዙ ጊዜ ከንፈሬን ነክሻለሁ። የእኛ ሰዎች ግን ይህን ሥራ ከእሁድ ስብከት አብልጠው ያከብሩታል።

ወጣት ኮርማ ለማንም ይመጣል፤ ዘይት ላጣ በርም ይመጣል። ሽማግሌው ግን ሌላ ነው። ቀንዱ በየጎኑ ስድስት ቅርንጫፍ ያወጣ ኮርማ ተፎካካሪ ሲሰማ ላሞቹን እየነዳ ጋራውን ተሻግሮ ይሄዳል። እሱን ለማምጣት ጥቂት መጥራትና በጊዜው ዝም ማለት ያስፈልጋል። ዝም ማለት ደግሞ ቨርን ላይ አልፈጠረበትም። ለዚህ ነው ጆሊን አብራው የምትወጣው። እሱ ቀስቱን ይዞ ከፊት ይቀመጣል፤ እሷ ራቅ ብላ ከኋላው ትሆንና በላሟ ድምፅ ትጠራለች። አውሬው ድምፁን ፍለጋ ሲያልፍ ቨርን ከጎን ያገኘዋል። ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ራሶች ሁሉ ያመጣቻቸው እሷ ናት። ይህን ከቨርን አትሰሙም።

ደግሞ አንድ ልማድ አለን። ኤልክ በላይኛው መንጋጋው የዝሆን ጥርስ የሚመስሉ ሁለት ክብ ጥርሶች አሉት። ኮርማው ሲወድቅ ሁለቱ ይነቀላሉ፤ አንዱ የገዳዩ ነው፣ አንዱ የጠሪው። በዚህ ተከራክሮ የሚያውቅ የለም። ቨርን ጥርሶቹን በባርኔጣው ዙሪያ ደርድሯቸዋል። የጆሊን ድርሻም እዚያው ባርኔጣው ላይ ነው። አንድ ጊዜ ለምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ያው የቤት አይደል እንዴ?» አለኝ። ጆሊን ሳህን እያጠበች ነበር፤ ዞር ብላም አላየች።

እህቴ እንዲህ ናት። በትምህርት ቤቱ ምግብ ቤት ለልጆች ሾርባ ስትቀዳ ውላ ማታ ለቨርን ትቀዳለች። ለራሷ የፈለገችውን ነገር አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ከአደን ሰፈራችን በላይ ባለው ጋራ ላይ ማደን የሚቻለው በዕጣ ነው፤ አንድ ሰው በሕይወቱ አንዴ ብቻ ይደርሰዋል። ጆሊን በየዓመቱ ስሟን ታስገባለች፤ በየዓመቱ ይቀራል። በዚያ ዓመት ደረሳት። እኔ ቤት ድረስ በእግሯ መጥታ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆማ አለቀሰች። ሠርጓ ላይ እንኳን አላለቀሰችም፤ ምናልባት ማልቀስ የነበረባት ያኔ ነበር።

«ቨርን ይጠራልኛል» አለች። «እኔ ከፊት እሆናለሁ፣ እሱ ከኋላ። ቃል ገብቶልኛል።»

ቃል መግባቱን አልጠራጠርም። «ጭንሽ ላይ አምጥቼ ነው የማስቀምጥልሽ» ብሏት ነበር። በጋውን ሙሉ ከቤታቸው ጀርባ በሣር ክምር ላይ ፍላጻ ስትሰድ ከረመች። ትከሻዋ እየታመመ በበረዶ እያሰረች ትተኩሳለች። እሱ ከበረንዳው ላይ ሆኖ ክርንሽን አስተካክዪ ይላታል።

እንግዲህ ወደ ጥርሱ ልምጣ። ቨርን ከልጅነቱ ጀምሮ ትምባሆ በከንፈሩ ሥር ይወትፋል። የላይኛው ጥርሱ ግማሹ ረግፎ፣ ግማሹ ጠቁሮ ነበር። እውነቱን ለመናገር ለጥሪው ምንም አልጎዳውም፤ ድምፁ ያምር ነበር። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዲህ ላለ ሰው መሰጠቱ ሁልጊዜ ያናድደኛል። በዚያ በጋ የአውሬ መጥሪያ የሚሠራ አንድ ኩባንያ ስሙን ሰማና ፎቶህን ማሸጊያችን ላይ እናድርግ፣ አደንህንም እንቅረጽ አለው። ቨርን በዚያው ሳምንት ሄዶ የላይኛውን ጥርስ በሙሉ አስነቀለ። የጥርስ ሐኪሙ አዲሱ ጥርስ ላንቃህን ይሸፍነዋል ብሎ ነግሮት ነበር። ይህን የማውቀው አብሬው ስለነበርኩ ነው፤ መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። ቨርን መስታወቱን ይዞ ነጭ ይሁን፣ ነጭ ይሁን ይል ነበር እንጂ ጆሮ አልሰጠውም።

ጥርሱን አድርጎ በመጣ ዕለት ወጥ ቤት ተሰበሰብን። ላስቲኳን አፉ ውስጥ አደረገ፣ ቱቦውን አነሳ፣ ነፋ። የወጣው ድምፅ አንገቷን እንደያዟት ዶሮ ነበር።

«ምን ሆነ?» አለች ጆሊን።

«ምንም። ገና አዲስ ነው፤ ይለመዳል።»

«እስቲ ጥርሱን አውልቀህ ሞክረው።»

«ሰው አውልቆ ሊያስቀምጠው ነው እንዴ ጥርስ የሚያሠራው?»

ጆሊን በማግሥቱ ላንቃ የማያስፈልገው፣ በከንፈር ብቻ የሚነፋ መጥሪያ ገዝታ መጣች። ቨርን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው። «ይሄ የቱሪስት ነው። እኔ በፊሽካ ስጠራ ቢያዩኝ ምን ይላሉ?»

«ማን ነው የሚያይህ?» አልኩት።

«ሰው» አለ።

መስከረም ሲጋመስ ወደ ሰፈሩ ወጣን። የኩባንያው ሰው ትሬንት የሚባል፣ ጫማው ገና ጭቃ ያልነካው ወፍራም ጎልማሳ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ይበላል፣ በቅሎዎቹን ይፈራል፣ ካሜራውን ከእጁ አይለይም። ቨርን ካሜራው ወዳለበት ሲዞር ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያሳያል። ካሜራው በሌለበትም ያሳያል፤ ድንገት ቢመጣ ብሎ ይሆናል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት እንዳለፉ ከጆሊን ፊት አነብ ነበር። በማለዳ ይወጣሉ፤ ፀሐይ ሲሞቅ ተመልሰው ይመጣሉ፤ እሷ ዳቦውን በመረቅ ነክራ ሳትበላው ታስቀምጣለች። ጋራው ላይ አንድ ሽማግሌ ኮርማ ነበር፤ ጀርባው ነጣ ያለ፣ ቀንዱ እንደ ደረቀ ዛፍ የተንሠራፋ። አይታዋለች። ሁለት ጊዜ ከቀስቷ ትንሽ ርቆ ቆሞ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ቨርን ከኋላ እንደ ታነቀ ዶሮ ይጮሃል፤ ኮርማው ጆሮውን ያቆማል፣ ላሞቹን ያስነሳል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ላስቲኳ ከሰው ሠራሹ ላንቃ ላይ ተንሸራታ ጉሮሮው ገብታ ነበር። ትሬንት ጀርባውን ሲደበድብለት ኮርማው ከላይ ሆኖ ይጮህ ነበር፤ ለእኔ እየሳቀበት መሰለኝ።

«ነፋሱ ነው» አለ ቨርን እራት ላይ። «ነፋሱ አልመች አለኝ።»

«ነፋሱ ፊታችን ላይ ነበር፤ ሽታችንን አልወሰደለትም» አለች ጆሊን።

«አንቺ ከፊት ሆነሽ ምን ይታወቅሻል?»

ማንኪያዋን አስቀምጣ ወጣች፤ ቀስቷን የምትወለውልበት ጨርቅ ትከሻዋ ላይ ነበር።

የአደን ፈቃዷ ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጎሕ ሲቀድ ውኃ ልቀዳ ወደ ጅረቱ ወረድኩ። ከታች፣ ከአኻያዎቹ መሃል፣ አንድ ኮርማ ጮኸ። ባልዲውን አስቀመጥኩ። ከሆድ ተነሥቶ እየቀጠነ የሚወጣ፣ ሰውን የሚያሸማቅቅ ድምፅ ነበር። ጋራው ላይ ሽማግሌው ወዲያው መለሰ። ከታች እንደገና ተጠራ፤ ከላይ እንደገና መለሰ፣ አሁን ቀረብ ብሎ። ቁጥቋጦውን ገለጥ አድርጌ ሳይ ቨርን ነው። ጥርሱ የቡና ኩባያ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቶ ሽማግሌ መስሏል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠራል።

«ቨርን» አልኩት።

ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ፤ ራቁቱን ያገኘሁት ይመስል። «ምን ፈለግሽ?»

«እንዲህ መጥራት እየቻልክ ነው እህቴን ስታንከራትት የከረምከው?»

«ሰው እያየኝ አይሆንም።»

«ነገ የመጨረሻዋ ቀን ናት። ሌላ ዕጣ የላትም። አውልቀህ ጥራላት።»

«ካሜራ ፊት?» አለ። ያለ ጥርስ ሲናገር ቃሉ ይኮላተፍበታል። «ድዴን አገር ሁሉ እንዲያየው ነው የምትፈልጊው? ሉዌላ፣ አንቺ ስም የሚባል ነገር አይገባሽም።»

«ጆሊን የሚባለው ስም ይገባኛል።»

ኩባያውን አንሥቶ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ሲዞር ጥርሱ ነጭ ሆኖ ተመልሷል። «ነገ አመጣላታለሁ። ዝም ብለሽ ባቄላሽን ቀቅዪ» አለኝ።

ለጆሊን የሰማሁትን ነገርኳት። ትናደዳለች ብዬ ነበር። «ሰምቼዋለሁ» አለች። «ድንኳን ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ሌላ ኮርማ ነው ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ።» ከዚያ ጫማዋን እያሰረች፣ «ነገ ከእኛ ጋር ውጪልኝ። ከእሱ ጋር ከኋላ ሁኚ። ሲያበዛ አፉን ያዢልኝ» አለችኝ።

በማግሥቱ ባቄላዬን ትቼ ወጣሁ። ጆሊን ኮርማዎቹ ከሚንከባለሉበት ጭቃ በላይ አንድ የወደቀ ግንድ ጀርባ ተንበረከከች። እኔ፣ ቨርንና ትሬንት ከኋላዋ ጥዶቹ መሃል ቀረን። ነፋሱ ከላይ ወደ እኛ ይወርዳል። ሽማግሌው ከላሞቹ ጋር ከላያችን ነበር፤ ሽታው ይመጣል፣ የበሰበሰ ሣርና ሽንት። ከዚያ ጮኸ። ይህን ሥራ ዕድሜ ልኬን ስንቀው ኖሬ፣ ያን ጊዜ እህቴ ለምን እንደምትወደው ትንሽ ገባኝ።

ቨርን ነፋ። ዶሮዋ ጮኸች። ከላይ ዝምታ ሆነ። እንደገና ነፋ፤ ቅርንጫፍ ሲሰበርና ላሞቹ ሲነሡ ሰማን። ቨርን ወደ ካሜራው ዞሮ በሹክሹክታ፣ «ይሄ ኮርማ ጥሪ የጠገበ ነው። ልምድ የሌላቸው ሰዎች አበላሽተውታል» አለ፤ ጥርሱንም አሳየ።

እኔ ወደ ፊት አየሁ። ጆሊን ቀስቷን ዝቅ አድርጋለች። ግንባሯን ግንዱ ላይ አስደግፋለች። ትከሻዋ አልተንቀጠቀጠም፤ ዝም ብላ ነው የተደገፈችው፣ ምግብ ቤቱ ሲዘጋ ወንበር ላይ እንደምትደገፈው።

መዳፌን ለቨርን ዘረጋሁለት። አውልቀው ማለቴ ነው። ገባው። ካሜራውን አየ፣ እኔን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። እግሬ ሥር የወደቀ የጥድ ቅርንጫፍ ነበር፤ ክንዴን ያህል ይወፍራል። አንሥቼ አጠገቤ ያለውን ዛፍ መታሁት። ኮርማው እንደሆነ ሄዷል ብዬ ነው። ቅርፊቱ እስኪረግፍ መታሁት፣ ሥሩን ረገጥኩት፣ ደረቅ ቅርንጫፎቹን እየጎተትኩ ሰበርኳቸው። በልቤ የቨርንን ባርኔጣ መታሁ፣ ጥርሱን መታሁ፣ ሬሳ ተሸክሞ ለኤልክ የመለሰውን አፉን መታሁ። ቨርን እጁን አጣጥፎ ቆሞ ያየኛል። ትሬንት ካሜራውን ወደ እኔ አዞረ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ቅርንጫፉ ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ፤ ዝም አልኩ።

ያን ጊዜ ትሬንት ካሜራውን ከእኔ ላይ አንሥቶ ወደ ላይ አዞረ። ከጥዶቹ መሃል ሽማግሌው መጣ። አልጮኸም። አንገቱን አቀርቅሮ፣ ቀንዱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ፣ ዓይኑን እኔ ወደ ደበደብኩት ዛፍ ተክሎ ይራመዳል። ለእሱ እኔ በቀንዱ ዛፍ እየሰባበረ የሚያቅራራ ሌላ ኮርማ ነበርኩ። በጆሊን ፊት ሲያልፍ ጎኑን ሰጣት። ቀስቷ መቼ እንደተነሣ አላየሁም። ፍላጻው ሲገባ እርጥብ ድምፅ ተሰማ፤ ኮርማው ዘለለ፣ ቁልቁል ሮጠ፣ ከዚያም ሲወድቅ ሰማነው። ጆሊን ከተንበረከከችበት አልተነሣችም። ሄጄ ጎኗ ስቀመጥ እጇ እንደ ብረት ቀዝቅዞ ነበር።

«ወደቀ?» አለችኝ።

«ወደቀ።»

«ሰማሽው?»

«ሰማሁት።»

ስንደርስበት ቨርን ቀድሞን ደርሷል። ቀንዱን በሁለት እጁ ይዞ ትሬንት ፊት ቆሟል፣ ጥርሱ ሁሉ ተገልጦ። «እንዲህ ያለውን ሽማግሌ በድምፅ ብቻ አታመጣውም» ይላል። «ዛፍ ማስመታት የእኔ ዘዴ ነው። ትክክለኛው ሰዓት ሲደርስ ለሚስቴ እህት ምልክት ሰጠኋት፤ እሷ መታች።» ትሬንት አንዴ እኔን አየ፣ አንዴ መሬቱን፤ መቅረጹን ግን አላቆመም።

ጆሊን ቢላዋዋን አወጣች፣ ጎንበስ ብላ የኮርማውን ከንፈር ገለጠች፣ ሁለቱን ጥርሶች ነቀለቻቸው። አንዱን ሸሚዟ ኪስ ከተተች። ቨርን ባርኔጣውን አውልቆ፣ ለካሜራው እንዲታይ ዘንበል አድርጎ፣ መዳፉን ዘረጋላት።

«የጠሪው ድርሻ» አለ።

ጆሊን የተዘረጋውን መዳፍ አየችው። ከዚያ ቀና ብላ አፉን አየችው።

«አንተ ጥርስ አለህ» አለችው።

ሁለተኛውን ጥርስ እኔ እጅ ላይ አስቀመጠችው። ገና ሞቃት ነበር፣ ደምም ነበረበት። ከዚያም ትሬንት እየቀረጸ፣ የቨርንን ባርኔጣ ከእጁ ወሰደች። የራሷን ድርሻ እያንዳንዱን ታውቀዋለች። በቢላዋዋ ጫፍ አንድ በአንድ ፈልቅቃ ኪሷ ከተተቻቸውና ባርኔጣውን መለሰችለት። ግማሹ ጥርስ ብቻ ቀረበት።

ቨርን አፉን ገጠመ። በዚያ በጋ ጥርሱን ካሠራ ወዲህ ሲገጥመው ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ጊዜ ነበር። ሥጋውን በቅሎዎቹ ላይ ጭነን ስንወርድ ከሁላችንም ኋላ ሆኖ ተከተለን። አሁንም ድረስ ስለ ሌሎቹ ኮርማዎች ሁሉ ያወራል፤ ስለዚህኛው ግን አንድ ቀንም ሲያነሣ አልሰማሁትም። ጆሊን ደግሞ ወሬ አትወድም። ስለዚህ እኔ አወራሁት።